በእኛ ደም ውስጥ ያልተገኘው

ጥቅምት 10፣ 2002፣ ማክሰኞ

የ4ኛ ክፍልን ደብተር አርሜ አልጨረስኩም። ግማሹ ልጅ «ሽንኩርት»ን አስተካክሎ አይጽፍም፤ አባቶቻቸው ቀኑን ሙሉ የሚጭኑት ግን እሱኑ ነው። ሙቀቱ እምቢ ብሏል። ደብረ ሲና ላይ ጋቢ ተለብሷል ይላሉ። እኛ እዚህ ሸዋ ሮቢት መስኮት ከፍተን በደብተር እናራግባለን።

እህቴ ከድጃ ከአሊዩ አምባ መጣች። ከነልጇ። ሐያት ዓመት አልፏታል፤ ጉንጯ ንከሱኝ ንከሱኝ ይላል። ላየችው ሁሉ ትስቃለች።

ምሳ ሲቀርብ ትሪው ከእማ እጅ አመለጠ። እኔ ዘለልኩ። ከድጃ ዘለለች። ሐያት ጀርባዋን ሰጥታን ከምንጣፉ ላይ ክር ትነቅላለች። ዞር አላለችም።

ሁላችንም አየን። ምሳው አፌ ውስጥ አፈር ሆነብኝ፣ ደብተሬ።

ጥቅምት 12፣ ሐሙስ፣ ከዙህር በኋላ

ወንድሜ ሰይድ ከተወለደ ጀምሮ አይሰማም። አንቺ ታውቂያለሽ፤ ስንት ገጽ ሞልቼልሻለሁ። የቤቱ ታላቅ እሱ ነው። ልብስ ሰፊ፤ ገበያው መግቢያ ካለው በረንዳ ላይ የእግር መኪናውን ዘርግቶ ይውላል። ከእሱ ጋር የምንነጋገረው በእጅ ነው። ከት/ቤት የተማርነው አይደለም፤ እዚሁ ቤት ውስጥ ያወጣነው ምልክት ነው፤ ከእኛ ሌላ የሚያውቀው የለም።

ዛሬ ሐያትን ምንጣፉ ላይ አስቀመጣትና ከኋላዋ አጨበጨበ። ምንም። እግሩን ወለሉ ላይ መታ። ያኔ ዞረች፤ ንዝረቱ ደርሷት ነው። ደገመው። ከዚያ ከድጃን አያት። ጆሮውን ነካ፣ ሕፃኗን አመለከተ፣ አንገቱን ነቀነቀ። አዎ።

ከድጃ ጮኸችበት። ውሸታም፣ ሟርተኛ፣ ያላለችው የለም። እሱ ቃሉን አልሰማም፤ አፏን ግን አይቷል። ጫማውን አጥልቆ ወጣ።

እማ ቀደር ነው፣ የአላህ ውሳኔ ነው ትላለች። ይሁን። ግን እኔ ራሴን ማሳረፍ አቃተኝ። አሊዩ አምባ ላይ ሦስት እህትማማቾች ነበሩ። አንዷ የእማ እናት። ሁለተኛዋ የአባባ እናት፤ አባባንም እሳቸውንም አላህ ይዘንላቸው። እማና አባባ የእህትማማች ልጆች ሆነው ነው የተጋቡት። የከድጃ ባልም ከዚያው ወገን ነው። ሦስተኛዋ እህት ደግሞ እትዬ ፋጡማን ወለዱ። እትዬ ፋጡማ ኢብራሂምን።

ሚያዝያ ላይ የእኔና የኢብራሂም ኒካህ ነው።

ጥቅምት 21፣ ቅዳሜ

ኢብራሂም ከደሴ ተመልሶ መጣ። የአባቱን የሐጂ ኑሩን አይሱዙ ይነዳል፤ ሽንኩርትና ማሾ ይዞ ይሄዳል፣ ጨርቃ ጨርቅ ይዞ ይመለሳል። በበራችን ሲያልፍ ፍሬን ይይዛል፣ አይቆምም። እኔም አላይም እላለሁ። ለዓመታት እንዲህ ነው። ዛሬ ቆመ።

እናቱ የሐያትን ነገር ሰምተዋል። እንቅልፍ የላቸውም አለኝ። «ምን አሉ?» ስለው መሪውን በጣቱ መታ መታ አደረገ። ከዚያ፣ ጤ/ጣቢያ ከአዲስ አበባ አንዲት ሐኪም መጥታለች፣ የማይሰሙ ልጆች ካሉባቸው ቤቶች ደም ትወስዳለች ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ለምን አትመረመሩም፣ ወረቀት ይሰጣል፣ አፋቸው ይዘጋል አለኝ።

አፋቸው። የማን አፍ? ሳልጠይቀው ሄደ።

ጥቅምት 24፣ ማክሰኞ

ሄድን። እማ፣ ሰይድ፣ ከድጃ ከነሐያት፣ እኔ። ከፊታችን ከቀወት ገጠር የመጣች ክርስቲያን እናት፣ አንገቷ ላይ መስቀል፣ የማይሰሙ ሁለት ልጆች ይዛ። እማ ስታያት ቀለል አላት መሰለኝ። በሰው መከራ መጽናናት ሐራም ይሆን? እኔም ቀለል ብሎኝ ነበር።

ዶ/ር ሰላማዊት ወጣት ናት፤ ድካም ፊቷ ላይ ያስታውቃል። በዘር የሚወርድ ያለመስማት መነሻው ከሕዝብ ሕዝብ ይለያያል፣ የእኛ አገሩ ገና አልታወቀም፣ ጥናቱ ለዚያ ነው አለች። ቅጽ አወጣች፤ ስም፣ ዕድሜ፣ ብሔረሰብ።

እማ ዞራ አየችኝ። መታወቂያዋ ላይ አማራ ይላል፤ ቀበሌ እንዳለው። እናቷ አርጎባ ናቸው፤ እስከ ዛሬ ስትቆጣ በአርጎብኛ ነው የምትሳደበው። የአባባ አባት ከጅሌ የወረዱ ኦሮሞ። ቦታው አንድ ቃል ብቻ ነው የሚይዘው።

«ጆሮ ደሞ ብሔር አለው እንዴ፣ ልጄ?» አለቻት እማ።

ዶ/ሯ ሳቀች። «የለውም፣ እማማ። ግን ሰው የሚያገባው ከጎረቤቱ፣ ከወገኑ ነው። ስለዚህ በዘር የሚወርደው ስህተትም ከወገን ወገን ይለያል። ስህተት የሌለበት ወገን ግን የለም።»

አማራ፣ አርጎባ፣ ኦሮሞ፤ ሦስቱንም ኅዳጉ ላይ ጻፈችው።

ሰይድ መርፌው ሲገባ ደሙን ትክ ብሎ አየ። ለምንድነው ብሎ በእጁ ጠየቀኝ። ለሐያት አልኩት። ሌላውን ክንዱንም ዘረጋላት።

ኅዳር 4፣ ዓርብ

ከተማው ትንሽ ነው። የመምህራን ክፍል ስገባ ወሬው ቀጥ አለ። አንዱ፣ የአርጎባ በሽታ ነው አሉ፣ እርስ በርስ እየተጋቡ ያመጡት ነው ሲል ሰምቼዋለሁ። እኛ ሰባት ቤት እንቆጥራለን ሲል ሌላው። ያቺ ባለመስቀሏ እናት ትዝ አለችኝ። አፌን ልከፍት ነበር። ጠመኔ አንስቼ ወጣሁ።

ቤት ስደርስ እማ አልጋ ላይ ናት። ወፍጮ ቤት አንዲት ሴት እንዲህ ያለ ደም ይዛችሁ የሰው ልጅ ልታስገቡበት ነው ብላታለች።

እንዲህ ያለ ደም። ዶ/ሯ ከየሕዝቡ የሚለየውን እያጠናች ነው፤ ሰዉ ደግሞ የሚሳደብበትን አገኘ።

ኅዳር 19፣ ቅዳሜ

አረፋ ትናንት ዋለ። ዛሬ ሐጂ ኑሩ ቤት ተጠራን። እማ ነጠላዋን አስተካክላ፣ እኔ አንገቴን ደፍቼ። ሐጂ ደግ ናቸው፤ ሳቅ ያውቃሉ። እትዬ ፋጡማ ሥጋውን አቀረቡና ራሳቸው ሳይቀምሱ ተቀመጡ። ከድጃ ለበዓሉ ይዛት የመጣችው ሐያት እማ ጭን ላይ ነበረች። ወደ እሳቸው እጇን ዘረጋች። አልነኳትም። ዓይናቸውን ግን ከእሷ ላይ አላነሱም።

ተበልቶ ሲያበቃ እትዬ ፋጡማ ተናገሩ። ሐኪሟ ደማችሁ ንጹህ ነው ካለች ኒካሁ በቀኑ ይሁን። ካላለች ይቅር። ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ኢብራሂም ትሪውን ያያል።

እትዬ ፋጡማን ጠላኋቸው፣ ደብተሬ። ሙሉ ልቤን ሰጥቼ ጠላኋቸው።

የካቲት 9፣ ማክሰኞ

ብዙ ጊዜ ዘጋሁሽ። የሚጻፍ አልነበረም፤ መጠበቅ ብቻ።

ዛሬ ዶ/ር ሰላማዊት ተመልሳ መጣች። ደሙ ውጭ አገር ደርሶ ተመርምሯል። ብቻዬን ገባሁ፤ እማ ደጅ ተቀመጠች።

«ምንም አልተገኘም» አለችኝ።

አለቀስኩ። በደስታ። አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ። እጄን ያዘችኝ።

«ቆይ ዘሀራ። አልተገኘም ማለት የለም ማለት አይደለም።»

አስረዳችኝ። ጆሮን የሚሠሩ ጂኖች፣ ከወላጅ ወደ ልጅ በደም የሚወርዱት ትእዛዞች፣ ብዙ ናቸው። የተፈለገው ግን በአንደኛው ውስጥ ነው፤ በሌላው ዓለም ዋናው ምክንያት እሱ ስለሆነ። እዚያው አንድ ጂን ውስጥ እንኳ የፈረንጁ ስህተት አንድ ዓይነት፣ የቻይናና የጃፓኑ ሌላ፣ በምዕራብ አፍሪካ አንድ መንደር ደግሞ ሌላ። እኛ ዘንድ ሲፈለግ ብዙ ጊዜ ባዶ ነው። የእኛው ሌላ ቦታ ተቀምጧል፤ የት እንደሆነ የፈለገው ሰው ግን የለም፤ መፈለጊያው የተሠራው በሌሎች ሰዎች ደም ነውና።

ታዲያ እኛ ጋር አለ? አልኳት።

«ወንድምሽ አለ። የእህትሽ ልጅ አለች። ዘራችሁ ውስጥ የሆነ ነገር አለ። ስሙን ነው ያላወቅነው።»

ኢብራሂም የሦስተኛዋ እህት የልጅ ልጅ መሆኑን ነገርኳት። ሁለታችሁም ተሸክማችሁት ከሆነ፣ ራሳችሁ እየሰማችሁ፣ በየእርግዝናው ከአራት አንድ ዕድል ልጁ ላይሰማ ይችላል አለች። ተሸክማችሁ እንደሆነ ግን ልነግርሽ አልችልም። ይቅርታ አድርጊልኝ አለች። ለምን እሷ ይቅርታ ትጠይቃለች?

ወጣሁ። እማ ተነስታ ፊቴን አየች። «አልተገኘም» አልኳት። ቀሪውን መናገር አቃተኝ። እልል አለች፣ እዚያው ጤ/ጣቢያው ግቢ ውስጥ።

የካቲት 10፣ ረቡዕ

ለኢብራሂም ግን ሁሉንም ነገርኩት። ሮቢ ወንዝ ድልድዩ ጋ፤ መኪናው ጥላ ሥር። ሲሰማ ፊቱ በራ። አልተገኘም ብላለች አይደል? እንዲያ ብለን እንንገራቸው፣ ውሸት የለበትም አለ። የቀረውስ? አልኩት። የቀረውን አላህ ያውቃል አለ።

እሺ አልኩ። እሺ ማለት እንዴት ይቀላል። ሽንኩርት የተጫነበት መኪና ይሸታል፣ እጁ ይሞቃል፣ እኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። እሺ።

የካቲት 20፣ ቅዳሜ

ቤታችን ሠርግ ሠርግ ይሸታል። እማ በርበሬ አስጣች። እትዬ ፋጡማ «አልተገኘም» ሲባሉ ጨርቅ ልከዋል፣ ጥሩ ጨርቅ። ቀሚሱን ሰይድ ነው የሚሰፋው። ማንም ከእጁ አይወስድበትም።

ዛሬ ትከሻዬን ሲለካ ቆመ። የሆነ ነገር እንዳለ ልቡ ያውቃል፤ ሰው የሚያወራው ባይሰማውም ሰው እሱን ሲያይ ያያል። ሆዴን አመለከተ፤ ልጅ። ጆሮውን አመለከተ። ከዚያ ያን ምልክት አደረገ። አፍንጫ መያዝ፣ እጅን ወደ ውጭ መጣል። እኛ ቤት ለበሰበሰ ሽንኩርት የምናደርገው ነው።

ያልገባኝ መሰልኩ። ደገመልኝ፤ ቀስ አድርጎ፣ ለሞኝ እንደሚነገር። ልጅሽ እንደ እኔ ቢሆን፣ የበሰበሰ ነው?

በጭራሽ አልኩት። በጭራሽ፣ በጭራሽ።

ደረቱን ነካ። ታዲያ ሰዉ ለምን ይፈራኛል?

ሜትሩን አንገቱ ላይ ሰቅሎ ወደ መኪናው ተመለሰ። እግሩ ፔዳሉ ላይ ነው፤ ክር ግን አላስገባም። ባዶውን ይሰፋል።

የካቲት 22፣ ሰኞ፣ ከአስር ሶላት በኋላ

ከት/ቤት በቀጥታ ሐጂ ኑሩ ቤት ሄድኩ። ማንንም አላማከርኩም። ኢብራሂምም አለ፤ ሲያየኝ ደነገጠ። ቁጭ በይ አሉኝ። አልተቀመጥኩም።

ሁሉንም ነገርኳቸው። አልተገኘም ማለት የለም ማለት እንዳልሆነ። የእኛው ስህተት ገና እንዳልታወቀ። ከዚያ ሳላስበው ድምፄ ከፍ አለ፤ ይህ ደም የእኛ ብቻ አይደለም፣ እትዬ ፋጡማ፣ የእርስዎም እናት ከሦስቱ አንዷ ናቸው፣ የምታሙን እናንተም ባላችሁበት ነው አልኩ።

ሊቆጡ ነው ብዬ ጠበቅኩ። እትዬ ፋጡማ መሬት ላይ ቁጭ አሉ፤ እንደ መውደቅ።

«አውቃለሁ» አሉ።

ሐጂ «ፋጡማ» አሉ። አልሰሟቸውም።

«አውቃለሁ፣ ልጄ። ከኢብራሂም በፊት ሴት ልጅ ነበረችኝ። ነኢማ። እንደዚያች እንደ ሐያት ወፍራም፣ ሳቂታ። ግትር ናት እል ነበር፤ ስጠራት የማትመጣ። በኋላ ነው የገባኝ። ለማንም ሳልናገር አሳደግኳት። አንድ ቀን አስፋልቱን ልትሻገር ገባች። ሹፌሩ ጡሩምባውን ሳያቋርጥ ነፋ። ሰው ሁሉ ጮኸ። እኔም ጮህኩ። ስሟን እየጠራሁ ጮህኩ። እየሳቀች ወደኔ ትመጣ ነበር።»

ኢብራሂም ግድግዳውን ተደገፈ። እህት እንደነበረችው ዛሬ ነው የሰማው። እናቱ መኪና እንዲነዳ ለምን እንዳልፈለጉ፣ ለምን ከመንገድ በተመለሰ ቁጥር እንደሚያለቅሱ ዛሬ ነው የገባው።

«አንቺን ጠልቼ አይደለም» አሉኝ። «ያንን ሁለተኛ ማየት አልችልም። የልጄን ልጅ አስፋልት ዳር ቆሜ ልጠብቅ? አልችልም። በአላህ ይሁንብሽ፣ ተዪኝ።»

እግሬ ላይ ሊወድቁ ሲሉ ያዝኳቸው። አብረን አለቀስን። ሐጂ ወደ ግቢው ወጡ፤ ከደጅ የአፍንጫቸውን ድምፅ ሰማሁት።

ኒካሁ ቀርቷል። ማንም ቀርቷል አላለም።

የካቲት 24፣ ረቡዕ

እማ አታናግረኝም። ምን አስቸኮለሽ ነው የምትለው፣ እሱንም ለግድግዳው። በርበሬው ከነሰሌኑ ተጠቅልሎ ጥግ ቆሟል። ቀሚሱ ያለ እጅጌ ሰይድ ጋ ተንጠልጥሏል።

ለእትዬ ፋጡማ አዘንኩላቸው። ለራሴም። የትኛውን መጀመሪያ እንደማለቅስ አላውቅም፣ ተራ በተራ አለቅሳለሁ።

መጋቢት 3፣ ዓርብ

ኢብራሂም ከኮምቦልቻ ደወለ። እዚያ ቤት ተከራይቷል። ነይ አለኝ። ደሴ ላይ ኒካህ እናስራለን፣ እነሱ ይዋል ይደር እንጂ ይታረቁናል። ልቤ ቀድሞኝ መናኸሪያ ደረሰ፣ አልዋሽሽም። የትኛውን ቦርሳ እንደምይዝ ሁሉ አሰብኩ።

ከዚያ፣ ልጅ አንወልድም አለ። ሁለታችን ብቻ። ያ ነገር ቤታችን አይገባም።

ያ ነገር።

«ቢመጣስ?» አልኩት። «ሳናስበው ቢመጣ፣ እንደ ሰይድ ቢሆን፣ የእጁን ቋንቋ ትማራለህ?»

ስልኩ ውስጥ የጋራዥ ድምፅ ይሰማል። መዶሻ። ጠበቅኩት። ዘሀራ፣ ለምን እንዲህ ያለ ነገር ታነሺያለሽ አለኝ በመጨረሻ። በቁጣ አይደለም። በልመና ነው። አስፋልት ላይ የሞተች እህት እንደነበረችው የሰማው በቅርቡ ነው፤ አልፈርድበትም። ይወደኛል። ሰይድንም ይወደዋል፤ በዓል ሲመጣ ሸሚዙን እሱ ጋ ያሰፋል። ልጁ እንደ ሰይድ ቢሆን ግን መቀበል አይችልም።

ነገ እነግርሃለሁ አልኩት። ግን አውቄዋለሁ።

መጋቢት 4፣ ቅዳሜ፣ ረፋድ

ነገርኩት። አልመጣም አልኩት። ሁለታችንም መዝጋት አቅቶን ካርዱ እስኪያልቅ ያዝነው።

ከዚያ ሰይድ ጋ ሄጄ በረንዳው ላይ ተቀመጥኩ። ሠርጉ ለምን እንደቀረ ጠየቀኝ። እንዳይጎዳ ልዋሸው ነበር፤ ተውኩት። ሐኪሟ ላለችው ጂን ምልክት የለንም። የክንዴን ሥር አሳየሁት፣ ሦስት ጣት አወጣሁ፣ ሦስት አሮጊቶች። ወደ እማ፣ ወደ አባባ፣ ወደ እትዬ ፋጡማ። ወደ እሱ። ወደ እኔም። አንቺም? አለ ዓይኑ። አላውቅም፣ ሐኪሟም አታውቅም አልኩት። ስለ ነኢማም ነገርኩት። አስፋልቱን አየ፤ ብዙ አየው። ከዚያ ጠየቀኝ፤ በእጅ ያናገራት ሰው ነበር?

የለም አልኩት።

ሐያትን አምጡልኝ አለ።

ወስኛለሁ፣ ደብተሬ። ለከድጃ እደውላለሁ፤ ሐያት ጡት ስትተው እኛ ጋ ትቆይ፣ ከአጎቷ ጋር። ክረምት ት/ቤት ሲዘጋ አዲስ አበባ ወጥቼ የምልክት ቋንቋ እማራለሁ፤ ትክክለኛውን፣ ሌላውም ሰው የሚያውቀውን። ተመልሼ ለሁለቱም አስተምራለሁ። ዶ/ር ሰላማዊት እንደገና ደም ከፈለገች እሰጣለሁ፤ ኅዳጉ ላይም ቢሆን ትጻፈን።

ይህን ሁሉ ሳስብ ደህና ነኝ። እማ ትናንት እንጀራ አቅርባልኝ ብዪ አለችኝ፤ ከተኮራረፍን የመጀመሪያው ቃል ነው። ሰይድ የቀሚሱን ስፌት እየፈታ ነው፤ ለሥራ የሚሆን ጉርድ አወጣልሻለሁ ብሎኛል። ሁሉም መልክ እየያዘ ነው። ኢብራሂም ብቻ፣ ዛሬ ጭነት ይዞ ወጥቶ ይሆን፣ ቁርስ ቀምሶ ይሆን፣ ከእንግዲህ ምን አገባኝ፣ ግን…